በስፌት መኪና የተቃኘ ድምፅ

እናንተዬ፣ የሚዝገው ብረት ብቻ ነው ያላችሁ ማነው? የሰው ድምፅም ይዝጋል። የማያምን ካለ ይምጣና ከእኔ ጉሮሮ ጋር ይከራከር። ይሄን የምለው እንደ ሐኪም አይደለም። ሐኪሙማ አፌን አስከፍቶ በባትሪ አየና «ምንም የለብህም፣ ብርድ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ሐኪም መቼም የማያውቀውን ሁሉ ብርድ ነው ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ እኔና እናቴ ንፋስ ስልክ አካባቢ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ አርፏል። እናቴ ከሆሳዕና የመጣች፣ በእግር በምትነዳ የስፌት መኪና የሰፈሩን ልብስ የምትጠግን፣ ጌታን የምትወድና ሰውን የምትፈራ ሴት ነበረች። ሰውን መፍራት የተፈጥሮዋ አልነበረም፤ ዘመኑ ነው ያስተማራት። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ የምንጸልየው በየቤቱ ተደብቀን ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ተራው የእኛ ቤት ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ሳይታሸግ እኔ ከልጆች መዘምራን ፊት ለፊት የምቆም ልጅ ነበርኩ። ድምፄ ቆርቆሮ ይነቅላል ይባልልኝ ነበር። ይሄን የማወራው ራሴን ለማመስገን አይደለም። እሺ፣ ራሴን ለማመስገን ነው፤ ሌላ የሚያመሰግነኝ ስለሌለ ነው።

ከታሸገ በኋላ ግን ዝማሬው ሁሉ በሹክሹክታ ሆነ። አንዲት ክፍል ውስጥ ከአሥር የማያንስ ሰው ይታጨቃል፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል፣ ከዚያ ሁሉም ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ዜማው ከትንፋሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። እናቴን እሱም አላስተማመናትም፤ አንድ ዘዴ ፈጠረች። አንድ ሰው መኪናዋ ላይ ተቀምጦ ክር የሌላትን መርፌ እያስሮጠ ይነዳል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው የስፌት ድምፅ ሰምቶ መንገዱን ይቀጥላል። «እኚህ ሴትዮ ማክሰኞ ማክሰኞ ምን ያህል ሥራ ቢደራረብባቸው ነው!» እያለ የሚያዝንላት ሁሉ ነበር። ያ መኪና ነጂ ማን እንደነበር መቼም ገምታችኋል። እግሬ ረጅም ነው ተብሎ ሹመቱ ለእኔ ተሰጠ። ለዓመታት በእግሬ እየነዳሁ በከንፈሬ እየዘመርኩ ጎረመስኩ።

አንድ ቀን ከኅብረት ሱቅ ስኳር ይዤ ስመለስ የቀበሌው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ አየሁ። የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ለአብዮቱ በዓል ሙዚቃዊ ድራማ ያዘጋጃል። ድራማው ፊደል አልቆጥርም ብለው አሻፈረኝ ስላሉ አንድ ሽማግሌ ነው፤ በመጨረሻ ግን ይማሩና ስማቸውን ጽፈው ይዘፍናሉ። «ድምፅ ያለው፣ ቁመና ያለው፣ ለአብዮቱ ቅን የሆነ ወጣት ለፈተና ይቅረብ» ይላል። ቁመናው አለኝ፤ እንዲያውም ይተርፈኛል። ስለ ሦስተኛው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ድምፁም አለኝ ብዬ ነበር።

እንዳትታዘቡኝ፣ የኪነቱን ቀይ ካናቴራ ለብሶ መታየት አምሮኝ አይደለም። ለመድረክም ለጭብጨባም አልነበረም። አንድ ቀን አፌን እስከ ጥግ ድረስ ከፍቼ ማዜም ፈለግኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። የዓመታት ዜማ ደረቴ ላይ ተከምሮ ሊያፈነዳኝ ደርሶ ነበር። ቀበሌው ራሱ ጩኹልኝ ብሎ ሰሌዳ ላይ እየለመነ እኔ ዝም ልበል? ስሜን አስመዘገብኩ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። እሷ ዘንድ ዘፈንና ኃጢአት የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ለፈተናው ሁሉም የሚዘፍነው የሽማግሌውን ዘፈን ነው። ግጥሙን ከሰሌዳው ገልብጬ እናቴ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ ብርድ ልብስ ተከናነብኩና አፌን ከፈትኩ።

«ዓይኔን የጋረደው ጉሙ ተገፈፈ፣
በእርጅናዬ ዘመን እጄ ስሜን ጻፈ…»

የወጣው ሹክሹክታ ነው። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ደገምኩት። ሹክሹክታ። ደረቴን ነፋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አንገቴ ሥር ያለው ጅማት እስኪገተር ታገልኩ። አሁንም ሹክሹክታ! ሳወራ ደህና ነኝ፤ ሻይ አምጪልኝ ስል ይሰማል። ዜማ ልጀምር ስል ግን የሆነ ነገር ከውስጥ ይዘጋብኛል። ይባስ ብሎ ቀኝ እግሬ መሬቱን ይደልቃል። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያለ ስፌት መኪናዋ ዜማ መጀመርም አልችልም! ጉሮሮዬ እናቴን ፈርቷል፣ እግሬ ደግሞ ሥራውን አልለቅም ብሏል።

በዚህ መሃል ግድግዳው ተንኳኳ። ቤታችን ከእትዬ ዘምዘም ቤት ጋር የሚጋራው የጭቃ ግድግዳ ነው። እትዬ ዘምዘም የስልጤ ሴት ናቸው፤ በቤታቸው በር ላይ ቅመምና ከሰል ይሸጣሉ።

«ምነው ልጄ፣ አሞሃል እንዴ? ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ሰማሁ» አሉ በግድግዳው በኩል።

ወጥቼ ሄድኩና ጉዴን ነገርኳቸው። «ድምፄ ጠፋብኝ፣ እትዬ ዘምዘም።»

«የት አባቱ ይጠፋል? ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰማኝ የለ!»

ክው አልኩ። «ም… ምን ይሰማዎታል?»

«የስፌት መኪናው ነዋ!» አሉና ከሰላቸውን መስፈር ቀጠሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የመጨረሻዋን ግን ትጎትቷታላችሁ። ትንሽ ፈጠን አድርጓት፤ እንቅልፍ ታስወስዳለች» አሉኝ።

ለካ እኛ በመርፌ ጩኸት ስንሸፋፈን እሳቸው ይሄን ሁሉ ዓመት ሲያዳምጡን ኖረዋል! ለማንም ትንፍሽ አላሉም። አቅፌ ልስማቸው ቃጣኝ፤ ግን እጃቸው ከሰል በከሰል ነበር።

መድኃኒትም አዘዙልኝ። ጠዋት ጥሬ እንቁላል፣ ማታ ዝንጅብል፣ መሃል ላይ ፌጦ በሎሚ። ታዛዥ ነኝና ሁሉንም ዋጥኩ። እውነቱን ለመናገር ድምፅስ አገኘሁ፤ ግን ከሆዴ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሆዴ ሲጮህ አደረ፤ እናቴም «የኅብረት ሱቅ ዱቄት ነው የጎዳህ» ብላ የሱቁን ሠራተኞች ስትረግም አነጋች። እነሱ ምን አጠፉ?

ፈተናው ሲቃረብ ጭንቅ ያዘኝ። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ብጮህ ይከፈትልኛል አልኩ። ዛሬ ለቡን በሕንፃ ተሞልታ የምታዩዋት ሰዎች አታምኑኝ ይሆናል፤ ያኔ ለቡ እርሻ ነበረች። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ከብት፣ ሌላ ምንም የለም። ቅዳሜ ዕለት ለእናቴ ጓደኛዬ ጋ ነኝ ብዬ በእግሬ ሄድኩ። ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ከሁለት በሬዎች በቀር ሰሚ የለም። እግሬ እንዳይደልቅ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና ጉልበቴን በሁለት እጄ ጨምቄ ያለ የሌለ ኃይሌን አሰባስቤ ለቀቅኩት።

ወጣ! እልል በሉ፣ ወጣ! ግን ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ዜማ ሆኖ አልወጣም። ለዓመታት የታፈነ ነገር በአንዴ ሲወጣ ለካ ለቅሶ ነው የሚመስለው። «ዓይኔኔኔን!» የሚለው ጩኸት ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። በሬዎቹ ደንብረው ገመድ በጠሱ። እኔ በደስታ ደገምኩት፣ ሠለስኩት። ለካ ሰው ጠፍቷል ያልኩት ሜዳ ሰው የሚያበቅል ነው። ከየጎጆው ዱላቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ።

«ኤኙ ዱኤ? ማን ሞተ?» አሉኝ አንድ አዛውንት ገበሬ እያለከለኩ። ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ደረታቸውን መድቃት ጀምረዋል።

«ማንም አልሞተም፣ አባባ!»

«ታዲያ ዓይኔን ዓይኔን እያልክ የምታለቅሰው ምን ነክቶህ ነው? እባብ ነው? ዓይንህ ላይ መርዝ ተፋብህ?»

«እየዘፈንኩ ነው፣ አባባ።»

እርስ በርስ ተያዩ። በሬው ደንብሮ የጠፋበት አንዱ ሰውዬ «ይሄ ዘፈን ነው?» ብሎ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሽማግሌው ግን አዘኑልኝ። «እስቲ ዝፈነውና እንስማው» አሉ። እንግዲህ ሰው ፊት ቆሜ ጀመርኩ። ምን ወጣ ብትሉኝ፣ ያው ሹክሹክታ። እግሬም ድልቂያውን ቀጠለ። ብቻውን ሜዳ ላይ የሚጮህ፣ ሰው ሲያይ የሚያንሾካሹክና እግሩ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ምን ይባላል? ውሳኔው ቶሎ ተሰጠ።

«ለክፎታል። ምስኪን፣ ለጋ ነው እኮ። ሀና ማርያም እንውሰደው፣ ጠበል ይረጭ» አሉ ሽማግሌው።

እንግዲህ ፍረዱኝ! ጴንጤ ነኝ ብል በዚያ ዘመን ሌላ ጣጣ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ጥምቀት ሳይደርስ ልጠመቅ ነው። በመጨረሻ እናት እንዳለችኝ ሲሰሙ «እንግዲያው ለእናቱ እናስረክበው» ተባለ። ሁለት ጎበዛዝት ግራና ቀኝ ብብቴ ሥር ገብተው፣ ያን ሁሉ መንገድ በአደራ ይዘውኝ መጡ። ሰፈር ስንደርስ ሌባ የተያዘ መስሏቸው የሚከተሉን ሰዎችም ተጨመሩ።

እናቴ በር ላይ ቆማ አገኘናት። አንደኛው ጎበዝ በትሕትና ጎንበስ ብሎ «እናቴ፣ ልጅሽን ሜዳ ላይ ብቻውን ሲያለቅስ አግኝተነው ነው። አይዞሽ፣ ይድናል» አላት።

እነሱን አመስግና፣ ዳቦ ቆርሳ ሸኝታ፣ በሩን ዘጋች። «እ?» አለችኝ። እናቴ «እ?» ካለች ነገር መደበቅ ከንቱ ድካም ነው። ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«ዘፈን?» አለች።

«ሙዚቃዊ ድራማ ነው፣ እማዬ።»

«ይዘፈንበታል?»

«ስለ መሠረተ ትምህርት ነው። ስለ ፊደል።»

«ደግሞ ፊደልን ምን በደላቸውና ይዘፍኑበታል?» ብላ መኪናዋ አጠገብ ቁጭ አለች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣችም፤ ፈራች። «ልጄ፣ አፍህ ጩኸት ከለመደ ማክሰኞ ምን ልታደርገን ነው? እዚያስ ቆመህ ሃሌ ሉያ ቢያመልጥህ? የእኛ ብቻ አይደለም፤ የስንቱ ቤት ነው የሚፈርሰው?»

እውነቷን ነው። «ልቅር፣ እማዬ?» አልኳት።

መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነች። «ስምህን አስመዝግበሃል። አሁን ብትቀር ደግሞ ለምን ቀረ ይላሉ» አለች በመጨረሻ። «ጌታ ያውቃል።» እናንተዬ፣ እናቴ ሂድም አትሂድም ሳትል ጌታ ያውቃል ካለች፣ ከአለንጋ ይብሳል።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የቀበሌው ሰዎች ብልጥ ናቸው፤ ፈተናውን ከነዋሪዎች ስብሰባ ጋር አገናኙት። ከስብሰባ መቅረት ደግሞ ቅጣት አለው። ስለዚህ አዳራሹ ጢም ብሏል። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ እትዬ ዘምዘም። ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበርና፣ ድራማውን የሚያዘጋጁት ጋሽ ወልዴ ተቀምጠዋል። ጋሽ ወልዴ ከማርሽ ባንድ በጡረታ የወጡ መለከት ነፊ ናቸው፤ ጉንጫቸው ዛሬም ሊነፉ የተዘጋጁ ይመስላል።

ከእኔ በፊት የተፈተነው የአብዮት ጥበቃው ጓድ ነው። ከተረኛ ጥበቃ ስለመጣ ጠመንጃውን እንዳነገተ ዘፈነ። እንዴት እንደዘፈነ አልነግራችሁም፤ ብቻ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሲጨርስ ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ጋሽ ወልዴ «በጣም… ቆራጥ ድምፅ ነው» ብለው አለፉ።

ቀጥሎ የእኔ ስም ተጠራ። መድረኩ ላይ ወጣሁ። የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። አፌን ከፈትኩ። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ቀኝ እግሬ የማትታየዋን መኪና በኃይል ይነዳል፣ ድምፅ ግን የለም። መጀመሪያ ከፊት ያሉት ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ኋላ ተዛመተ።

«ጓድ!» አለ ሊቀ መንበሩ። «ለሰፊው ሕዝብ ነው እኮ የምትዘፍነው! ምስጢር ነው እንዴ የምትነግረን?»

ምስጢር የሚለውን ቃል ስሰማ ዓይኔ ወደ እናቴ ሮጠ። ጋሽ ወልዴ በርኅራኄ አዩኝና «ሌላ ጊዜ ትሞክራለህ፣ ልጄ። ውረድ» አሉ። አለቀ። ሌላ ጊዜ እንደሌለ አውቄያለሁ። ዕድሜ ልኬን በሹክሹክታ ልኖር ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ለመውረድ እግሬን አነሳሁ።

በዚህ ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው ብድግ አለ።

«ጮክ በል እንጂ ልጄ! አውጣው! ምን ያስፈራሃል?»

እናቴ ናት። ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ነው። ሳቁ ቀጥ አለ። ያቺ ሻይ ስታማስል ማንኪያው ሲጮህ የምትደነግጥ ሴት፣ ሊቀ መንበሩ ፊት፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት ቆማ ጮኸች። እትዬ ዘምዘም ደግሞ በተቀመጡበት «ፈጠን አድርጋት!» ብለው ጨመሩበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። እግሬ ቆመ፤ ይሄን አስታውሳለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የሆነ ነገር ከእምብርቴ ተነስቶ ደረቴን አልፎ ወጣ። እንደ ለቡው ለቅሶ አልነበረም፤ ዜማ ነበር። ወፍራም፣ ሰፊ፣ ለራሴም እንግዳ የሆነ ድምፅ። ጉሙ ተገፈፈ ስል እውነትም የተገፈፈ መሰለኝ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ግጥሙን ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ ማን ሊያቆመኝ?

ስጨርስ ዓይኔን ገለጥኩ። ወዮልኝ! ሁለት እጆቼ መዳፋቸው ተከፍቶ ወደ ሰማይ ተዘርግተዋል። እንደ ማክሰኞ። ሊቀ መንበሩ አፍጥጦ እጆቼን ያያል። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። በዚያ ዘመን እንደዚያ እጁን የሚዘረጋ ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ድንጋጤ ብልሃት ይወልዳል ይሉ የለ? ቀኝ እጄን ቀስ ብዬ አወረድኩ። ግራ እጄን ግን ጨበጥኩት። ጥርቅም አድርጌ ጨበጥኩና እንደ አብዮተኛ ወደ ላይ ወረወርኩት።

«ወደፊት!» አልኩ፤ አሁን ድምፅ ሞልቶኛል።

ሊቀ መንበሩ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳና ግራ እጁን ጨበጠ። ሊቀ መንበሩ ከተነሳ ማን ይቀመጣል? አዳራሹ ሁሉ ቆሞ ቡጢውን አነሳ። የእናቴ ትንሽ ቡጢም ከኋላ ከሰው ትከሻ በላይ ብቅ ብላ ነበር። ከቡጢዎቹ ሁሉ ከልብ የተነሳችው የእሷ ሳትሆን አትቀርም፤ ለምን እንደሆነ ግን እኔና እትዬ ዘምዘም ብቻ ነን የምናውቀው።

የሽማግሌው ቦታ ለአብዮት ጥበቃው ተሰጠ። መቼም ጠመንጃ የያዘ ሰው ወድቀሃል አይባልም። ጋሽ ወልዴ እኔን ጠርተው «አንተ ሕዝብ ሆነው የሚቀበሉትን ትመራለህ። ከኋላ ሆነህ አስጀምራቸው፤ የሽማግሌው ድምፅ ሲጠፋ አንተ ትሸፍንልናለህ» አሉኝ። ሰውን ሸፍኖ መዘመር የኖርኩበት ሙያ ነው ልላቸው ነበር፤ ዋጥኩት። ልምምዱ ሐሙስ ይጀመራል ተባለ።

ከስብሰባው ስንወጣ እናቴ ፊት ፊቴ ትሄዳለች። እትዬ ዘምዘም ነገሩ ገብቷቸው ቀድመውን ሄደዋል። ቁጣዋን ስጠብቅ ቆየሁና አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ ተቀየምሽኝ?»

«ዘፈን ያው ዘፈን ነው። አልወደድኩትም» አለች ሳትዞር።

«እሺ።»

ትንሽ እንደሄድን መንገዱ መሃል ቆመች። ዞራ ሽቅብ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

«ሲታሸግብን ድምፅህ ገና የልጅ ድምፅ ነበር» አለች። «አንድ ቤት እየኖርን፣ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር አጠገቤ እየተቀመጥክ፣ የዝማሬ ድምፅህ እንደ ጎረነነ አልሰማሁም። ዛሬ ዓይኔን ብጨፍን አባትህ ነው የሚዘምረው።»